ውስጡስ ስንት ነው?

በ1848 የቋራው ካሳ ኃይሉ ተከታዮቹን ይዞ ወደ ሱዳን ጠረፍ ወረደ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ፤ የዚህ ታሪክ መንገድ በአብዛኛው በዚያ በኩል ያልፋልና።) ሱዳን በግብፆች እጅ ከወደቀች ከ25 ዓመት በላይ ሆኗታል። የጠረፉ ጦር ደባርቂ ላይ ምሽግ ይዞ ጠበቀው። የካሳ ሰው በቁጥር ይበልጣል፣ በድፍረትም አይታማም፤ ከምሽጉ የተተኮሰው መድፍ ግን ረፈረፈው። ካሳ ተሸንፎ ተመለሰ። መድፍን ከዚያ ቀን ወዲህ ከልቡ አላወጣውም።

ኮምፒውተር ላይ ጠጣር ቅርጽ ስለሚሠራበት ጥበብ ልጽፍ ተነስቼ ከደባርቂ መጀመሬ ለአንባቢ እንግዳ ይሆንበት ይሆናል። እኔ ግን የተሻለ መነሻ አላገኘሁለትም። ከዚያው ጠረፍ፣ ከመተማና ከአብርሃ ጅራ ቆላ የበቀለ ሰው ይህን ታሪክ ከየትም ቢጀምረው መድፍ ላይ መድረሱ አይቀርም። መድፍ ለተመልካች ብረት ነው፤ ለሚሠራው ሰው ደግሞ ቅርጽ ነው፤ ከቅርጹም ዋናው ቀዳዳው ነው። ውጪው ቢወለጋገድ ያስቅ ይሆናል እንጂ ማንንም አይጎዳም። ውስጡ ከተወለጋገደ የሚሞተው ተኳሹ ነው።

ካሳ በ1855 ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ የሰፈሩት የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን፣ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ጓደኞቹ፣ ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው መድፍ አቅልጡ ተባሉ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ንጉሡ አልተዋቸውም። በ1860ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ፤ ገደል እየተጠረበለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ በመጋቢት 1868 መቅደላ ወጣ። አሁንም እዚያው አምባ ላይ ተጋድሞ አለ።

እንዲህ ያለ ነገር ቀልጦ እንዴት እንደሚሠራ ላይ ትንሽ ልቆይ። አቅላጩ መጀመሪያ መድፉን የሚመስል ሞዴል ያበጃል። በሞዴሉ ላይ ጭቃ ይለስናል፤ ጭቃው ደርቆ ሞዴሉ ሲወጣለት የመድፉ ውጪ ግልባጭ ይቀራል። ከዚያ መሐል ላይ ሌላ የጭቃ ግንድ ያቆማል፤ እሱ የመድፉ ባዶ ነው። ነሐሱ የሚፈስሰው በሁለቱ መካከል ነው። እንግዲህ አቅላጩ ሲደክም የከረመው በመድፉ ላይ አይደለም፤ መድፉ በማይኖርበት ቦታ ላይ ነው። ሌላም መንገድ አለ፦ ድፍኑን አፍስሶ ቀዳዳውን በኋላ መሰርሰር። በአንደኛው መንገድ ባዶው አስቀድሞ ይቆምና ብረቱ ይከበዋል፤ በሁለተኛው ብረቱ ይቀድምና ባዶው ይወጣለታል። ይህን ልዩነት አንባቢ ይያዝልኝ፤ መቶ ዓመት ቆይቶ በሒሳብ ቋንቋ ተመልሶ ይመጣል።

የኛ አንጥረኞች ደግሞ ነገሩን ከጋፋት በፊት ያውቁታል። መስቀሉ በሰም ይቀረጻል፣ ሰሙ በጭቃ ይለበጣል፣ ጭቃው ይተኮሳል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በባዶው ቦታ ወርቁ ይገባል። ሰምና ወርቅ የምንለው የቅኔ ስልት ስሙን ያገኘው ከዚህ ሥራ ነው። ሊቃውንቱ ከአንጥረኛ ተበደሩ፤ አንጥረኛው ብድሩን ሲያስመልስ ግን አልሰማሁም።

ፈረንጆቹ በበኩላቸው ቅርጽን ወደ ወረቀት ለማውረድ ቀድመው ደክመዋል። በ1760ዎቹ ጋስፓር ሞንዥ የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ፣ ሜዚዬር በነበረው የወታደር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት እያለ፣ የምሽግ ግንብ ችግር ተሰጠው፦ ጠላት ቆሞ ከሚተኩስበት ቦታ ሁሉ የማይታይ ግንብ የት ላይ ይቁም? ሌሎቹ በረጅም ስሌት የሚጨርሱትን እሱ ዕቃውን ከላይና ከፊት ሁለት ጊዜ ሥሎ፣ ሥዕሎቹን በመስመር አያይዞ ፈታው። ዘዴው ለዓመታት የጦር ምስጢር ሆኖ ተቀመጠ፤ በአደባባይ የተማረው ሰው የተገኘው ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ነው። መሐንዲሶች ዛሬም ከላይ፣ ከፊትና ከጎን እያሉ የሚሥሉት የዚህ ልጅ ነው።

ወረቀቱ ግን ቅርጹን አያውቀውም። ወረቀቱ የያዘው መስመር ነው፤ ቅርጹን የሚሠራው አንባቢው በጭንቅላቱ ነው። ሁለት አንባቢ ሁለት ቅርጽ ሊሠራ ይችላል። በአውሮፓና በሶቪየት ልማድ ዕቃው ከግራ ሲታይ የሚታየው ጎን በወረቀቱ ቀኝ ይቀመጣል፤ በአሜሪካኖቹ ልማድ ደግሞ በግራ። ይህን ሳይጠይቅ ብረት የቆረጠ ሰው ቀዳዳውን በማዶ በኩል አግኝቶት ያውቃል።

ከ1936 እስከ 1941 ጣልያን ጎንደር ላይ ተቀምጦ ሲገዛ መንገድና ድልድይ ሠራ፣ ጋራዥም ከፈተ። ወራሪው ሄደ፤ ቃሉ ቀረ። ዛሬ በመላው አገሪቱ ብረት የሚሽከረከርበት ማሽን ቶርኖ ነው፤ ብረት የሚፋቅበት ፍሬሳ፣ ውፍረት የሚለካበት ካሊብሮ፣ መሽከርከሪያው ኩሽኔታ፣ ብሎኑ ቡሎን፣ ጥርሱ የሚያስረው ዳዶ። ከጀልባ እስከ ትራክተር ያለውን ነገር ሁሉ በነዚህ ስድስት ቃላት ማስጠገን ይቻላል ብል ብዙ አላጋነንኩም። ቶርኖ ላይ የቆመ ሰው ጠጣር ቅርጽ የሚሠራው ሁልጊዜ በአንድ ስልት ነው፦ ብረቱን ያሽከረክራል፣ የማይፈልገውን ያነሳል። ኮምፒውተሩ ይህን ለመማር ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል።

ትምህርቱ በ1963 ተጀመረ። በዚያ ዓመት ጥር ወር አይቫን ሰዘርላንድ የሚባል የኤም አይ ቲ ተማሪ የዶክትሬት ጽሑፉን አስገባ። ስኬችፓድ ብሎ የሰየመውን ፕሮግራም የጻፈው ቲኤክስ-2 ለተባለ አንድ ሙሉ ክፍል ለሚያክል ኮምፒውተር ነው። ብርሃን የሚያነብ እስክሪብቶ ስክሪኑ ላይ ሲያስነካ መስመር ይሣላል፤ ሁለቱ መስመሮች እኩል ይሁኑ ሲለው ማሽኑ ራሱ አስተካክሎ እኩል ያደርጋቸዋል። ብዙ ሳይቆይ እዚያው ኤም አይ ቲ ቲሞቲ ጆንሰን ሥዕሉን ወደ ሦስት ልኬት አሳደገው፤ ሎረንስ ሮበርትስ ደግሞ ከኋላ የተደበቀውን መስመር ማሽኑ ለይቶ እንዲያጠፋ አደረገ። ሮበርትስ በኋላ ኢንተርኔት የተወለደበትን አርፓኔት ከመሩት አንዱ ሆኗል፤ አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ ሁለት ዓለም ይቀይራል።

በዚያው 1963 በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ባሕር ዳር ላይ የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። የብረታ ብረት፣ የእንጨት ሥራ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የኤሌክትሪክ፣ የኬሚስትሪና የእርሻ መሣሪያ ሙያዎች ይሰጡበት ነበር። አባይ ከጣና ከሚወጣበት ብዙም ሳይርቁ ተማሪዎች ሰሌዳ ላይ ጎንበስ ብለው በማስመሪያና በኮምፓስ ሦስቱን እይታ ይሥሉ ነበር፤ የሞንዥን ትምህርት ከ200 ዓመት በኋላ። የአማራ ክልል መሐንዲስ ስንል የምንቆጥረው የመጀመሪያው ትውልድ ከዚያ ወጣ። ሰሌዳውንና ስክሪኑን አነጻጽሮ ኋላ ቀርነት የሚያይ ሰው አይጠፋም፤ እኔ አልስማማም። በዚያን ጊዜ ስክሪኑም ቢሆን የሚሥለው መስመር ብቻ ነበር። ስለ ውስጡ ሁለቱም እኩል አላዋቂ ነበሩ።

ይህ አላዋቂነት የታወቀው ሰዎች በስክሪን ላይ ውስብስብ ነገር መሥራት ሲጀምሩ ነው። የዘመኑ ባለ ሦስት ልኬት ሥዕል የሽቦ ሥዕል ነበር፤ ጠርዞች ብቻ፣ ገጽ የለም። ጭቃ ሳይመረግበት በማገሩ የቆመ ጎጆ ያየ ሰው ይገባዋል። ማገሩ ሁሉ በቦታው አለ፤ የትኛው በር እንደሚሆን፣ የትኛው ግድግዳ፣ እንጨቱ ብቻውን አይናገርም። አንድ ዳር እስከ ዳር የተበሳ ጡብ በሽቦ ብትሥለው ቀዳዳው ከፊት ወደ ኋላ ይሁን ከላይ ወደ ታች የማይለይበት ሥዕል ማዘጋጀት ይቻላል። ከዚህ የከፋም አለ፦ በዓለም ላይ ሊኖር የማይችል ዕቃ ቢሥሉለት ማሽኑ ያለ ቅሬታ ይቀበላል። ክብደቱ ስንት ነው፣ ውስጡ ውኃ ቢሞላ ስንት ይይዛል፣ ከጎኑ ካለው ዕቃ ጋር ይጋጫል ወይ ብለው ቢጠይቁት መልስ የለውም። ሽቦ ውስጥና ውጪ የለውማ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሦስት የተራራቁ ቦታዎች ሰዎች ለዚህ ችግር ተነሱ። በአሜሪካ ሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ኸርበርት ቮልከርና ፖርቹጋላዊው አሪስቲደስ ረኪሻ፣ በጃፓን ሆካይዶ ኦኪኖ፣ በእንግሊዝ ካምብሪጅ በቻርልስ ላንግ ቡድን ውስጥ ኢያን ብሬይድ። በ1973 ቡዳፔስት ላይ በተደረገ ጉባኤ የካምብሪጁና የሆካይዶው ሥራ ጎን ለጎን ቀረበ። ሁለቱ አንድ ነገር ይፈልጋሉ፤ የሄዱበት መንገድ ግን ለየቅል ነበር፤ ልዩነቱም የጋፋቱን ሁለት መንገድ ያስታውሳል።

የሮቼስተርና የሆካይዶ ሰዎች ቅርጹን እንደ ምግብ አሠራር ጻፉት። ለምሳሌ የትራክተር ቡሽ እንውሰድ፤ ወፍራም ቀለበት ነው። በነሱ አጻጻፍ ቡሽ ማለት ወፍራም ሲሊንደር ሲቀነስ ቀጭን ሲሊንደር ማለት ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ማሽኑ ስለ ቡሹ የሚያስታውሰው ይህን መቀነስ ብቻ ነው። መሠረታዊ ሥራዎቹ ሦስት ናቸው፦ ሁለቱን አንድ ማድረግ፣ አንዱን ከሌላው መቀነስ፣ የጋራቸውን ብቻ ማስቀረት። አንድ ነጥብ ውስጥ ነው ውጪ ብትለው፣ በወፍራሙ ውስጥ ነው? በቀጭኑ ውስጥስ? ብሎ ሁለት ጥያቄ ይጠይቅና ይመልስልሃል። አይሳሳትም። ችግሩ ገጹና ጠርዙ የት እንዳለ ሲጠየቅ ሁሉን እንደገና ማስላት አለበት፤ በዘመኑ ኮምፒውተር ይህ ሻይ ጠጥቶ መመለስን ይጠይቃል።

ብሬይድ ደግሞ ቆዳውን መዘገበው። እያንዳንዱ ገጽ በየትኛው ጠርዝ እንደተከበበ፣ እያንዳንዱ ጠርዝ የትኞቹን ሁለት ገጾች እንደሚያገናኝ፣ በየትኛው ወገን ቁሱ እንዳለ ሁሉ ተጻፈ። ስታንፎርድ የነበረው ብሩስ ባምጋርትም በዚያው ሰሞን ጠርዝን መነሻ አድርጎ የሚጽፍበት ዘዴ አወጣ። ይህ መንገድ ለሥዕልና ለቆረጣ ፈጣን ነው፤ አደጋው ቆዳው ሊቀደድ መቻሉ ነው። አንድ ገጽ ከጎደለ ቅርጹ ጠጣር መሆኑ ይቀራል፤ ውስጡ ከውጪው ጋር ይቀላቀላል።

ቆዳው ሙሉ መሆኑ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ኦይለር የተባለ ስዊዛዊ ሒሳብ አዋቂ ተጠራ። ጫፎቹን ቁጠር፣ ጠርዞቹን ቀንስ፣ ገጾቹን ደምር፤ ሁልጊዜ 2 ይመጣል። ኩብ 8 ጫፍ፣ 12 ጠርዝና 6 ገጽ አለው፤ 8 ሲቀነስ 12 ሲደመር 6 አዎ 2 ነው። ግን ያንኑ ኩብ ዳር እስከ ዳር በአራት ማዕዘን ቀዳዳ ብሳው። አሁን 16 ጫፍ፣ 24 ጠርዝና 10 ገጽ አለው፤ ስትቆጥረው አሁንም 2 ይመጣል። ቀዳዳው ከሒሳቡ አምልጧል! የሚያዘው ሌላ ነገር ስትቆጥር ነው፦ በሁለት ገጾች ላይ፣ በየመሐላቸው የተቀደደው ቀለበት። ሁለቱን ቀለበት ቀንስለት፤ 0 ይመጣል፣ ቀዳዳውም ይጋለጣል። ካምብሪጅ ላይ ይህን ሒሳብ እያንዳንዱ ለውጥ ሲደረግ እንዲጠበቅ አደረጉት። ማሽኑ አንድ ጠርዝ ሲጨምር የሚጨመርለት ሌላ ነገር አለ፤ ያለዚያ አይፈቀድም።

ረኪሻ ደግሞ ሌላ ጉድ አገኘ። ሁለት ሣጥን ጎን ለጎን በአንድ ገጽ ተጣብቀው ቢቀመጡና የጋራቸውን አስቀር ብትለው ማሽኑ አንድ ወረቀት ይመልስልሃል፤ ውፍረት የሌለው ገጽ። በሒሳብ ልክ ነው፤ በዓለም ላይ ግን እንዲህ ያለ ብረት የለም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ቁስ የሌለበትን ተንጠልጣይ ገጽ ጠርጎ ውስጥ ባለው ብቻ ዳግመኛ የሚዘጋ ሕግ አወጡ። በ1980 ያሳተመው ጽሑፍ ጠጣር ማለት ምን እንደሆነ በሒሳብ አስቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ በእሱ ላይ ቆሟል።

በዚህ አሥርት ዓመት እኛ ሌላ ጉዳይ ላይ ነበርን። ሰቲት ሁመራ ላይ በ1960ዎቹ የጀመረው በትራክተር የሚታረስ የሰሊጥ እርሻ ወደ ታች ቆላውን እየተከተለ ወረደ። 1974 አብዮት፣ 1975 የመሬት አዋጅ፣ ከዚያም ጠረፉ ላይ የተደረገው ጦርነት ተከታተሉ። ዲስክ ማረሻው ግን ጥቁሩን አፈር ሲገለብጥ ኖረ፤ ኩሽኔታውም ሲያልቅ ኖረ። ቆላው ውስጥ ጠጣር ቅርጽ ማለት በዚያ ዘመን የተበላ ብረት ማለት ነው።

ላንግና ብሬይድ ከአለን ግሬየርና ከፒተር ቪንማን ጋር በ1974 ሼፕ ዳታ የሚባል ድርጅት አቋቁመው ነበር። በ1978 ሮሙለስ ብለው የሰየሙትን ሥራ ለሽያጭ አወጡት። ሮሙለስ ራሱን የቻለ የሥዕል ፕሮግራም ሳይሆን ሌሎች ፕሮግራሞች ከውስጣቸው የሚያስገቡት ከርነል ነው። ጎንደሬ ይህን ቢሰይመው ፍሬ ይለው ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ሽፋኑ የፈለገው ይሁን፣ የሚያስበው ፍሬው ነው። በ1981 ሼፕ ዳታ ሰዘርላንድ ራሱ ከመሠረቱት አንዱ ለሆነው ድርጅት ተሸጠ፤ ክር ዞሮ ዞሮ ተገናኘ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሼፕ ዳታ ፓራሶሊድን አወጣ፤ ከሼፕ ዳታ የወጡት አለን፣ ቻርልስና ኢያን ደግሞ ኤሲስን ሠሩ፤ የሦስቱ ስም መነሻ ፊደል ስሙ ውስጥ ገብቷል። ያ ትንሽ የካምብሪጅ ቡድን ሁለት ተወዳዳሪ ፍሬ ማፍራቱ ለኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ አስቂኝ ነገር ነው። የዛሬ መሐንዲስ የትኛውንም ፕሮግራም ይክፈት፣ ከሥሩ ከነዚያ አንዱን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

እስከዚህ ድረስ ጠጣሩ ቅርጽ እንደ ሐውልት ነበር። ከተጠረበ ተጠርቧል፤ ዲያሜትሩን ልለውጥ ካልክ እንደገና ጀምር። ይህን የቀየረው በ1974 ከሌኒንግራድ ወደ አሜሪካ የተሰደደው የሒሳብ መምህር ሳሙኤል ጋይስበርግ ነው። በ1985 ባቋቋመው ድርጅት ያሠራው ፕሮ ኢንጂነር የተባለ ፕሮግራም ቅርጹን ሳይሆን የቅርጹን ሥራ ቅደም ተከተል ያስቀምጣል፦ መጀመሪያ ይህን ክብ ሥዬ ወደ ላይ ጎተትኩት፣ ከዚያ በስኩት፣ ከዚያ ጠርዙን አለዘብኩት። ከሥሩ አንዱን ቁጥር ቀይር፤ ተከትሎት የመጣው ሁሉ እንደ አዲስ ይሠራል። በ1988 ከገዙት ሁሉ የመጀመሪያው የትራክተር ሠሪው ጆን ዲር ነው። ያ አረንጓዴ ትራክተር ሰሊጥ ለሚያርስ ገበሬ እንግዳ አይደለም። የካሊፎርኒያ መኪና ወይም የጠፈር መንኮራኩር ሠሪ ቀድሞ ቢገዛው ለታሪክ ያምር ነበር፤ እኔ ግን ትራክተር መሆኑን ወድጄዋለሁ።

አውሮፕላኑ ብዙ አልዘገየም። ቦይንግ 777 ካቲያ በተባለ የፈረንሳይ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተነደፈ የመጀመሪያው የንግድ ጄት ሆነ፤ ሰኔ 1994 በረረ። ክፍሎቹ ከመሠራታቸው በፊት በማሽኑ ውስጥ ተገጣጥመው ስለነበር ቱቦ ከቱቦ ሲጋጭ የታየው በስክሪን ላይ ነው። ሽቦው ሊመልሰው ያልቻለውን ጥያቄ ጠጣሩ መለሰ። በ2010 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን አውሮፕላን በረጅም ርቀት ዓይነቱ ከአፍሪካ ቀድሞ ተረከበ።

ይህ ሁሉ ግን ለድሀ አልነበረም። በ1993 ጆን ሂርሽቲክ የሚባል ሰው በካሲኖ ካርታ ቆጥሮ ካተረፈው ገንዘብ አንድ ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ሶሊድወርክስን ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ በዊንዶውስ ላይ፣ በተራ ኮምፒውተር፣ በትልልቆቹ ዋጋ ሽርፍራፊ። በኅዳር 1995 ወጣ፤ ዋጋው ወደ 4,000 ዶላር ነበር፤ ፍሬው የካምብሪጁ ፓራሶሊድ ነው። የቁማርን ገንዘብ ማመስገን አይገባኝም፤ ግን የአገራችን የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ስለ ስሪ-ዲ ሲያወራ በአብዛኛው የሚያወራው ያን ፕሮግራም ነው። ገዝቶት ነው ወይስ ከጓደኛው ፍላሽ ላይ ገልብጦት ነው የሚለውን አንጠይቀው።

ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ነገሩ ከተቃራኒው አቅጣጫ ወደ አማራ ክልል መጣ። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ቡድን፣ በሃይንዝ ሩተር መሪነት፣ በጨረር የሚለካ መሣሪያ ይዞ ላሊበላ ገባ። መሣሪያው ዙሪያውን እየዞረ የነካውን ሁሉ ርቀት ይመዘግባል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ነጥብ ይሰበሰባል። ነጥቦቹ ሲያያዙ 11ዱ ውቅር ቤተ ክርስቲያናት በስክሪን ላይ ተነሱ።

የላሊበላ ሠሪዎች የሠሩት በመቀነስ ብቻ ነው። በዚያ ዓለት ላይ አንድ ድንጋይ ቢሳሳቱ መልሶ መለጠፊያ የለም፤ ከላይ ጀምረው ወደ ታች ሲወርዱ ጣሪያው መሬቱ ከመታሰቡ በፊት አልቋል። መስኮቱ፣ ዓምዱ፣ ቅስቱ ሁሉ የቀረ ነው፤ የተጨመረ አይደለም። ሮቼስተር ቢጽፈው ተራራ ሲቀነስ ቤተ ጊዮርጊስ ያልሆነው ሁሉ ብሎ ይጽፈው ነበር።

ግን የጨረሩ መሣሪያ የመለሰው ቆዳ ነው፤ ውስጥ የለውም። ጠጣር ለማድረግ ቆዳውን መዝጋት ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ነው የማይመለስ ጥያቄ የሚነሳው። ቤተ ጊዮርጊስ ወደ 12 ሜትር ጠልቆ በመስቀል ቅርጽ ቆሟል፤ ከሥሩ ግን ከአለቱ አልተለየም። ታች የት ላይ ትዘጋዋለህ? የሚዘጋው ሰው የራሱን መስመር ያሰምርበታል እንጂ ሠሪዎቹ እዚያ ላይ አላቆሙትም። በሒሳቡ ጥብቅ ከሆንክ የቤተ ጊዮርጊስ ውጪ የተራራው ውጪ ነው፤ የተራራውም የመሬት። በሩና መስኮቶቹም እንደ ኩቡ ቀዳዳ አንድ በአንድ ይቆጠሩብሃል። የረኪሻ ሕግና የብሬይድ መዝገብ በአንድ ቀን ሁለቱም የሚፈተኑበት ቦታ ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ወደ ቆላው ስመለስ ከ2020 በኋላ ነኝ። ሂርሽቲክ ሶሊድወርክስን ትቶ ኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚሠራ ኦንሼፕ የሚባል ፕሮግራም ካወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ምንም መጫን አያስፈልግም፣ ኔትወርክ ብቻ። በነሐሴ 2023 ደግሞ በክልሉ ግጭት ሲጀምር የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በአብርሃ ጅራ ኔትወርክ ብቻ የሚለው ቃል ቀልድ ሆነ።

ለእንዲህ ያለ ቦታ የሚሆነው በ2002 ዩርገን ሪገል የጀመረው ነጻው ፍሪካድ ነው። የተቀመጠበት ፍሬ ፈረንሳዮች በ1999 ለሕዝብ የለቀቁት ኦፕን ካስኬድ ነው። በፍላሽ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ግን ለዓመታት ተጠቃሚውን ያስለቀሰ አመል ነበረው። ቀዳዳውን ጠርዝ 7 ላይ አስቀምጥ ስትለው ያስቀምጣል፤ ወደ ኋላ ተመልሰህ አንድ ነገር ስትለውጥ ጠርዞቹ እንደገና ይቆጠራሉ፣ ጠርዝ 7 ሌላ ቦታ ሄዶ ይገኛል፣ ቀዳዳውም ተከትሎት ይዘላል። መንደሩ ስም ሲቀይር ደብዳቤው ሌላ ቤት እንደሚደርስ ዓይነት። በኅዳር 2024 የወጣው 1.0 ለጠርዞቹ በትውልዳቸው የሚጠሩበት ስም ሰጣቸውና ችግሩን በአብዛኛው አበረደው። ከመጀመሪያው ኮድ እስከ 1.0 ድረስ 22 ዓመት ፈጀ፤ እንደ ሴባስቶፖል ተጎትቶ ነው የደረሰው።

ሰኔ ሲገባና ዝናቡ ጥቁሩን አፈር ሲያረጥበው ቆላው ጊዜ የለውም፤ ሰሊጥ የሚዘራበት ቀን ካለፈ አለፈ። ባለ ትራክተሩ ያለቀውን የማረሻ ቡሽ በፌስታል ጠቅልሎ በሳንጃ በኩል ጎንደር ይወጣል፣ ወይም ገንዳ ውኃ ያለ ቶርኖ ቤት ይሞክራል። የፋብሪካው ዕቃ እስኪመጣ አይጠብቅም። ቶርኖው ላይ ያለው ልጅ እጁን በጨርቅ ይጠርግና ካሊብሮውን ያነሳል፤ ውጪውን ይለካል፣ ርዝመቱን ይለካል፣ በኖራ ብረቱ ላይ ይጽፋል። ውስጡ ግን ተበልቶ ሞላላ ሆኗል፤ በአንድ በኩል ሲለካው አንድ ነገር፣ በሌላ በኩል ሌላ ነገር ይላል። ከዚያ ብረቱን ወደ ብርሃን አንስቶ በቀዳዳው ያያል።

«ጋሼ፣ ውጪውንስ አገኘሁት» ይላል። «አዲስ ሳለ ውስጡስ ስንት ነበር?»